የጋሽ በዛብህ ፒካፕና የግራው ማንጠልጠያ

ጋራዤን የዘጋሁት ሥራ አጥቼ አይደለም። ሌላ የሚያወሩ ስላሉ ይህን አስቀድሜ እናገራለሁ። እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ፓብሎ ባለው የጋራዤ በር ላይ መኪና ተሰልፎ ይጠብቀኝ ነበር። የዘጋሁት ጉልበቴ እንቢ ስላለኝ ነው። መኪና የሚያነሳ ሊፍት ቢኖርም የመካኒክ ሥራ ግማሹ መንበርከክ ነው፤ ወደ ሰባ ዓመት የተጠጋ ጉልበት ደግሞ አንዴ ከተንበረከከ ለመነሳት ይደራደራል። መኪናውም ተለውጧል። አሁን የሚመጡት የባትሪ መኪኖች ሆዳቸው እንደ ትሪ የተዘጋ ነው። ከሥር ገብተው የሚያዩት ነገር የለም። ኮምፒዩተር ይሰካበታል፣ ኮምፒዩተሩ ይናገራል፣ ሰውየው ያዳምጣል። እኔ ማሽን እንዲነግረኝ ለምጄ አላውቅም።

መካኒክነትን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው ብቸኛ ወረቀት የንግድ ፈቃዴ ነበር። ሞተር ማውረድ፣ ካምቢዮ መፍታት፣ የጠፋ የኤሌክትሪክ መስመር ተከትሎ ማግኘት፣ ሁሉንም በራሴ ዓይንና ጣት ነው የተማርኩት። ዲፕሎማ ያላቸው ሰዎች ያቃታቸውን መኪና ጎትተው እኔ ጋ ሲያመጡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ማን እንደሆኑ አልናገርም፤ እነሱ ያውቃሉ።

በቅርቡ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ተቀምጠን ሳለ ኩፐርቲኖ የሚሠራ አንድ ወጣት አጠገቤ መጣ። በዲቪ ከመጣ ብዙም አልቆየም፤ ኮምፒዩተር ነው ሥራው።

«ጋሽ ተሾመ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ከሁሉም የከበደዎት ሥራ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የባሌስትራ ማንጠልጠያ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው? ሞተር ውስጥ ነው?»

«ከሞተር ሩቅ ነው።»

ስልኩን አውጥቶ ፈለገና ፎቶውን አየ። «ይሄ? ይሄማ ሲምፕል ብረት ነው» አለኝ።

ልክ ነው፣ ቀላል ብረት ነው። ፒካፕ ከኋላ ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ በሚባለው፣ ተደራርበው በታሰሩ የብረት ቅጠሎች ነው። የባሌስትራው ሁለት ጫፎች የመኪናው አጥንት ከሆነው ሻንሲ ጋር የሚያያዙት መዳፍ በምታክል ማንጠልጠያ ነው። በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት። ስለዚህች ብረት በአዳራሽ ጫጫታ መካከል ማስረዳት ስላልቻልኩ ነው አሁን የምጽፈው።

ኦክላንድ እንደገባሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ሌክ ሜሪት አጠገብ ያለ የአፓርትመንት ፓርኪንግ መጠበቅ ነበር። ደመወዙ ለቤት ኪራይ ይበቃል፣ ለሌላ አይበቃም። ታክሲ የሚነዱ ያገሬ ልጆች መኪናቸው ሲበላሽ እዚያው መንገድ ዳር እሠራላቸው ጀመር። አንድ ቀን አንዱን ታክሲ ከሥሩ ገብቼ ስፈታ፣ ከእግሬ በኩል የቆመ ሰው «ማነው ያስተማረህ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። «ማንም» አልኩት። «ያስታውቃል። ሰኞ ና» አለኝ። ስሙ ሚስተር ሊሮይ ነው። ኢስት ኦክላንድ ውስጥ ሁለት ሊፍት ያለው ጋራዥ ነበረው። እዚያ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ።

ሊሮይ በረዶ በሚበዛበት ዲትሮይት ተወልዶ ያደገ ረጅም ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ዝገት የሚያውቀው ከዚያ ነው። እዚህ ቤይ ኤሪያ በሚባለው የኦክላንድ አካባቢ መኪና አይዝግም፤ በረዶ የለም፣ መንገድ ላይ ጨው አይበተንም። ዝገት ወደኛ የሚመጣው ከሌላ ስቴት በጎማ እየተነዳ ነው። የካሊፎርኒያ መካኒክ ብዙ ጊዜ የዛገ ሻንሲ ሲያይ ቀለሙን ያያል እንጂ ውስጡን አያይም። ሊሮይ ግን ውስጡን ይሰማ ነበር። እጀታዋ አጥሮ የተቆረጠ መዶሻ ነበረችው። ከበረዶ አገር የመጣ መኪና ሲገባ መጀመሪያ ሬዲዮኑን ይዘጋል። ከዚያ ባለመኪናውን ወደ ውጭ ያስወጣል። ከሥር ገብቶ ዓይኑን ጨፍኖ ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ፣ አንድ ስንዝር በአንድ ስንዝር እየመታ ይሄዳል። ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮሃል፤ የበሰበሰ ብረት ድምፁ ይሞታል። የሞተበት ቦታ ላይ በጠመኔ ክብ ይሠራል። እስኪጨርስ አንድ ቃል አይናገርም።

ሌላም ልማድ ነበረው። ለደንበኛ በሚሰጠው ደረሰኝ ግርጌ «ያላየሁት» ብሎ ይጽፋል። ዛሬ ይህንና ያንን ሠራሁ፤ ያላየሁት ደግሞ የፊት ፍሬን፣ የነዳጅ መስመር፣ ወዘተ። እኔ እስቅበት ነበር።

«ደንበኛው ደካማ ነህ ይልሃል» አልኩት አንድ ቀን።

«ይበለኝ። ወረቀቱ ግን አይዋሽም» አለኝ።

ሊሮይ አስተማረኝ አልልም። ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ ነገር የለም። እያየሁ ወሰድኩ፤ መዶሻውን ወሰድኩ፣ ጠመኔውን ወሰድኩ፣ ደረሰኙን ግን ተውኩት።

ከእሱ ቀጥሎ ሳን ሆዜ አንድ ትልቅ ጋራዥ ውስጥ አምስት ዓመት ሠራሁ። አለቃችን ታብሌት ይዞ ደቂቃ የሚቆጥር ሰው ነበር፤ ከሱ የወሰድኩት ነገር የለም፤ ሰዓት ማየትን ብቻ። ከዚያ ሳን ፓብሎ የራሴን ከፈትኩ። ስሜ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሪችመንድ እስከ ሳን ሆዜ ደረሰ። ማስታወቂያ አላወጣሁም።

ጋሽ በዛብህ የመጡት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር፤ ከእኔ ጥቂት ይበልጣሉ። በረዶ አገር ሚኒሶታ፣ ሚኒያፖሊስ ብዙ ዓመት ኖረው፣ ነርስ የሆነችው ልጃቸው ሜሮን ኦክላንድ ሥራ ስትይዝ ከባለቤታቸው ከእትዬ በላይነሽ ጋር ተከትለዋት መጡ። ያረጀች ፒካፓቸውን ግን አልሸጡም፤ ያንን ሁሉ አገር አቋርጠው እየነዱ አመጧት። በእሷ የሰው ዕቃ ያመላልሳሉ። ቤት ለሚቀይር ሶፋ፣ አዲስ ለገባ አልጋ፣ ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ በነጻ ወንበርና ጠረጴዛ። «ያለ እሷ ቤት ቁጭ ብዬ ቲቪ ማየት ነው» ይሉ ነበር።

መኪናዋ ወደ ቀኝ አዘንብላ ነበር። ሊፍት ላይ ሰቅዬ ከሥር ስገባ ያየሁት ነገር ደስ አሰኘኝ። ሆዷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነው።

«ጋሽ በዛብህ፣ ይሄን ግራሶ ማን አደረገልዎ?»

«እኔው ነኛ። ሚኒሶታ ማን ግራሶ ያውቃል? በየዓመቱ በረዶ ሳይገባ የተቃጠለ ዘይት ከናፍጣ ጋር ቀላቅዬ እረጫታለሁ።»

«ባለቤት ያላት መኪና ናት።»

«አዲስ አበባ ላቫጆ ገብቶ ግራሶ ሳይደረግ የሚወጣ መኪና አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

እዚህ ለተወለዱት ላስረዳ። አዲስ አበባ መኪና ሊታጠብ ላቫጆ ሲገባ በመጨረሻ ሆዱ ዘይት ይረጫል። ግራሶ የሚባለው ይህ ነው። ሆዱ ጥቁር የሆነ መኪና የተከበረ መኪና ነው፤ ስትገዛም መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። እኔም በዚያ ዓይን ነው ያደግሁት። ያን ቀን ያልጠየቅሁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ዘይቱ ከመረጨቱ በፊት ጨውና ጭቃው ታጥቧል ወይ? ሚኒሶታ በኅዳር ውኃ ሲረጩት እዚያው ይቀዘቅዛል። ጋሽ በዛብህ ሳያጥቡ ነበር የሚረጩት። ዘይቱ ጨውን ከውጭ አልከለከለም፤ ከውስጥ ቆለፈው።

በቀኝ በኩል ያለው የፊት ማንጠልጠያ መሰንጠቁ በዓይን ይታይ ነበር። እሱን ቀየርኩት፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ ዛሬም አልፍርበትም። የግራው ግን ከነዳጅ ታንኩ በስተጀርባ ተደብቆ ነው ያለው። እሱን በደንብ ለማየት ታንኩን ማውረድ ያስፈልጋል። ታንኩ ሙሉ ነበር። ጋሽ በዛብህ ለማግስቱ የሚጭኑት ዕቃ ነበራቸው። ደግሞ ሁለት ያገራችን ሰዎች መኪናቸውን እየጠበቁ ቆመው ሥራዬን ያዩ ነበር፤ እኔም ስለ ሳን ሆዜው አለቃ እያጫወትኳቸው ነበር። እጄን በታንኩ ላይ አሳልፌ ዳሰስኩት። ጣቴ ዘይቱ ላይ ተንሸራተተ፤ ልስልስ ነው። መዶሻውን አላነሳሁም። ሬዲዮኑ ክፍት ነበር።

«ግራውስ?» አሉ ጋሽ በዛብህ።

«ግራው እንደ አዲስ ነው።»

ወረቀቱም ላይ «ሁለቱም ደህና» ብዬ ጻፍኩ።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሜሮን ደወለች። አማርኛ ትሰማለች እንጂ መናገር ላይ ትቸገራለች።

«ጋሽ ተሾመ፣ ማይ ዳድ አክሲደንት አደረገ። ሂ ኢዝ ኦኬ። ትከሻው ግን ኢዝ ብሮክን።»

በ580 አውራ ጎዳና ወደ ካስትሮ ቫሊ ሁለት ፍሪጅ ጭነው ዳገቱን ሲወጡ መኪናዋ ከኋላ ተጠማዘዘችና የኮንክሪቱን ግንብ ገጨች። ሌላ መኪና አልተነካም። የትከሻቸው አጥንት ተሰብሯል፤ ሁለት ጎድናቸው ተሰንጥቋል። ሆስፒታል ስደርስ እትዬ በላይነሽ አልጋው ራስጌ ተቀምጠዋል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉኝ ጋሽ በዛብህ ገና ሳልቀመጥ። «አንድ ፍሪጅ ይበቃ ነበር። የጎተታት ሰውዬም ኦቨርሎድ ነው አለኝ።»

«እሱን ለኔ ተወው» አሉ እትዬ በላይነሽ። «ስልሳ ስምንት ዓመት ሆኖህ ሁለት ፍሪጅ። ሁለት። ተሾመ፣ አንድ እንኳ አይደለም።»

«ሰምቷል፣ በላይነሽ» አሉ ጋሽ በዛብህ።

«ይስማ። ዳግመኛ መሪ አትይዝም።»

ሜሮን ከመስኮቱ አጠገብ ቆማ «ዳድ፣ ጀስት ሴል ኢት» አለች።

ጋሽ በዛብህ ጣሪያውን እያዩ ነበር። «እሺ፣ ትሸጣለች» አሉ። «ከዚህ በኋላ ራሴንም አላምነውም። ሰው ልገድል ነበር።»

መኪናዋን ገና አላየኋትም ነበር። ፍሪጅ ግን ምንም ቢከብድ፣ ሁለትም ቢሆን፣ ያቺ ባሌስትራ የምትሸከመው ጭነት ነው። ይህን አውቅ ነበር።

በማግስቱ መኪናዋ ወደተጎተተችበት ግቢ ሄድኩ። ጠጠር ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ከግራ በኩል ገባሁ። ባሌስትራው ከፊት ጫፉ ተፈቶ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ማንጠልጠያው ግማሹ ተገንጥሎ ወድቋል፤ ሻንሲው ላይ የቀሩት እሱን የያዙት፣ ሪቬት የሚባሉት የብረት ምስማሮች ራሶች ብቻ ናቸው። ጥቁሩን ዘይት በካቻቢቴ ስፍቀው እንደ ዛፍ ልጥ ተላጠ። ከሥሩ ግራጫ ጭቃ፣ ከጭቃው ሥር ነጭ ጨው፣ ከጨው ሥር ደግሞ ብረቱ ቅጠል በቅጠል ተነባብሮ የተቀመጠ ዝገት ነው። በጥፍሬ ሳነሳው ተነሳ። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ በመዶሻ ብነካው ኖሮ ድምፁን እሰማ ነበር። ግቢውን የሚጠብቀው ልጅ መጥቶ «ዩ ኦኬ፣ ቦስ?» እስኪለኝ ድረስ እዚያው ተኝቼ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳላሳምር እጽፋለሁ። ሦስት ቀን ወደ ጋሽ በዛብህ አልሄድኩም። ዝም ብል የሚያውቅ የለም። ኢንሹራንሳቸው የራሳቸውን መኪና የማይሸፍን ስለሆነ የሚመረምር አይመጣም። መኪናዋ ተጨፍልቃ ብረት ትሆናለች፣ እሳቸውም በራሳቸው ጥፋት መሪ እንደለቀቁ ያምናሉ። ብናገር ደግሞ ስሜ በአንድ እሑድ ያልቃል። ያለ ዲፕሎማ፣ ያለ ወረቀት የሠራሁት ስም ነው። ከእሱ ሌላ ሀብት የለኝም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሊሮይ ቤት ሄድኩ። ጡረታ ወጥቶ በረንዳው ላይ ይቀመጥ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ስትመታው ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አልመታሁትም።»

«ወረቀቱ ላይ ምን ጻፍክ?»

«ሁለቱም ደህና።»

«እኔ ጋ ምን ፈልገህ መጣህ?» አለኝ። «ሰውየው የሚኖረው እዚህ አይደለም።»

የሚጠጣ እንኳ ሳያቀርብልኝ ተነስቼ ሄድኩ።

በማግስቱ ጋሽ በዛብህ ቤት ገባሁ። ክንዳቸው አንገታቸው ላይ ታስሮ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቲቪው ክፍት ነው። እትዬ በላይነሽ ከኩሽና ብቅ ብለው «ግባ፣ ሁለት ፍሪጅ እዚያ ተቀምጧል» አሉኝ። ስማቸው ያ ሆኗል ማለት ነው። አልተቀመጥኩም።

«ጋሽ በዛብህ፣ ጭነቱ አይደለም።»

«ምኑ?»

«መኪናዎን ያሳታት ጭነቱ አይደለም። የግራው ማንጠልጠያ በስብሶ ነበር። እኔ ሳላየው ነው ደህና ነው ያልኩዎት።»

ቲቪውን አጠፉት። እትዬ በላይነሽ እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ ወጡ። «ሳላየው ማለት?»

«ለማየት ታንኩን ማውረድ ነበረብኝ። አላወረድኩም።»

«እጅህን አስገብተህ ስትዳስስ አይቼሃለሁ» አሉ ጋሽ በዛብህ።

«የዳሰስኩት ዘይቱን ነው።»

«ይሄን ካወቅክ ስንት ቀንህ ነው?» አሉ።

«ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው።»

«አራት ቀን» አሉ። ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «አራት ቀን ሙሉ ይህቺ ሴትዮ በፍሪጅ ስትጠራኝ ሰነበተች። እኔም ይገባኛል እያልኩ አቤት ስላት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሂድ፣ ተሾመ። አሁን ሂድልኝ» አሉ።

ሄድኩ። በዚያው ቀን መኪናዋን ከግቢው አስጎትቼ ጋራዤ አስገባኋት፤ አልነካኋትም። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። አንዳንድ ደንበኞች ዕቃ ረስተናል ብለው መኪናቸውን ሳይሠራ ወሰዱ። አንዱ በር ላይ ቆሞ «ጋሽ ተሾመ፣ የኔንስ በደንብ አይተውታል?» አለኝ። «ልጄ፣ ያንተን ፈትቼዋለሁ» አልኩት። አላመነኝም፤ እኔም አልፈረድኩበትም።

ሁለት ሳምንት ሲሆነው ጋሽ በዛብህ ደወሉ።

«መኪናዬ የት ናት?»

«እኔ ጋ።»

«ትሠራለች ወይስ አትሠራም?»

«ሻንሲውን ሳልመታ አልነግርዎትም።»

«ምታው። ስትመታው ግን እቀመጣለሁ።»

ሰው ሥራዬ ላይ ቆሞ ሲያየኝ አልወድም፤ ሊሮይም አይወድም ነበር። ወንበር አወጣሁላቸው። መጀመሪያ ያጠብኩት ዘይቱን ነው። በፍል ውኃና በግፊት ሦስት ጊዜ አጠብኩ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኩ፣ የስንት ዓመት ጭቃ በባልዲ አወጣሁ። ታንኩን ባዶ አድርጌ አወረድኩ። ሲደርቅ ሬዲዮኑን ዘግቼ መዶሻዬን አነሳሁ። ከፊት ጀመርኩ።

«ይሄ?» አልኳቸው።

«ብረት ነው።»

«ይሄስ?»

«ብረት።»

ግራው ማንጠልጠያ የነበረበት ጋ ስደርስ መዶሻው ካርቶን የመታ ያህል ድምፁ ሞተ።

«ይሄ ብረት አይደለም» አሉ። ወንበራቸውን ቀረብ አደረጉ። «እንዲህ ነው እንዴ የሚሰማው? ይሄንን እኮ እኔም እሰማው ነበር።»

«ይሰሙት ነበር።»

በጠመኔ ከበብኩት። መዳፍ የሚያክል ቦታ ነው፤ ከዚያ ውጭ ሻንሲው ሙሉ ነው። ትሠራለች አልኳቸው። ይህንን ውሳኔ ብዙ መካኒክ አይደፍረውም፤ እኔ የደፈርኩት ሰምቼ ስለሆነ ነው።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። መኪናዋን ከሻንሲዋ ላይ ደግፌ ጎማዎቹን ፈታሁ፤ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘውን አክስል ለብቻው ክሪክ ላይ አሳረፍኩት፣ ባሌስትራው ሲፈታ እንዳይንጠለጠል። የባሌስትራው ጫፍ ውስጥ ያለውን ጎማ፣ ጎሚኒውን፣ የሚያቋርጠው ብሎን ከውስጡ ብረት ጋር በዝገት ተጣብቆ አንድ ሆኗል። በመዶሻ የሚደበድበው ሰው ሻንሲውን ያጣምማል። በሁለቱም ጎኑ በመጋዝ ቆረጥኩት። ሪቬቶቹን ራሳቸውን በግራይንደር ላጭቼ፣ መሐላቸውን ሰርስሬ፣ ከዚያ በብረት ዘንግ ወደ ውስጥ መታሁ። ሪቬት በግድ ከወጣ ቀዳዳውን ያሰፋል፤ በቀዳዳ ውስጥ የሚላወስ ማንጠልጠያ ደግሞ ካልተቀየረው አይሻልም። የበሰበሰውን ቆርጬ አውጥቼ አዲስ ሳህን በየድኩ፤ አራቱንም ማንጠልጠያዎች በአዲስ ቀየርኩ። ደህና የነበረውንም፣ እኔው የቀየርኩትንም ጭምር።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። አዲሱን የባሌስትራ ብሎን መኪናው ተሰቅሎ እያለ አጥብቀህ አታስረውም። ዳዶውን በጣት ታስገባና ትተዋለህ። መኪናው ወርዶ በራሱ ክብደት ጎማው ላይ ሲቆም ያኔ ታጠብቀዋለህ። አለዚያ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይታሰርና በጥቂት ወራት ይበጣጠሳል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ በተበጣጠሰ ጎሚኒ ነው የተማርኩት።

በሦስተኛው ቀን ሻንሲውን ቀለም ስቀባ ጋሽ በዛብህ «እንግዲህ ሳላጥብ ግራሶ ያደረግኩት እኔም ጥፋት አለብኝ» አሉ።

«እርስዎ መካኒክ አይደሉም። የእርስዎ ሥራ መንዳት ነው። ማየቱ የኔ ነበር።»

«ተው እንጂ። ለጥፋትም ትኮራለህ?»

«የኔ ከሆነ አልሰጥም።»

ከሆስፒታሉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው፤ ጎድናቸውን አሟቸው ወዲያው አቆሙ። ስለ ሂሳብ አልተነጋገርንም።

ከዚያ ሥራ በኋላ ደረሰኝ ላይ «ያላየሁት» የሚል መስመር መጻፍ ጀመርኩ። ሊሮይ ሲሰማ አልሳቀብኝም። ከጊዜ በኋላ የሸሹት ደንበኞች ተመለሱ፤ ከበረዶ አገር መኪና ይዘው የሚመጡ ሁሉ እኔን እየጠየቁ መምጣት ጀመሩ። ከሪችመንድ እስከ ሳን ሆዜ ዝገት እንደ እኔ የሚሰማ መካኒክ አልነበረም። አሁንም ያለ አይመስለኝም።

የሁሉ ፍርድ ግን ጋሽ በዛብህ እጅ ነበር። ትከሻቸው ሲድን ሐኪሙ መንዳት ይችላሉ አለ። እትዬ በላይነሽ ግን ቁልፉን ቦርሳቸው ውስጥ ደብቀው አልሰጥም አሉ። በመጨረሻ እኔን ጠሩኝ።

«ያቺ መኪና ደህና ናት ትላለህ?»

«ደህና ናት።»

«ባለፈውም ብለሃል።»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው ስትጫን አጠገቡ ትቀመጣለህ። በዚያችው መንገድ። አንተ የማትቀመጥባት መኪና ላይ ባሌን አላስቀምጥም።»

ጋሽ በዛብህ ጫማቸውን እያሰሩ «ሁለት ፍሪጅ ልጫን?» አሉ።

«አንድ» አሉ እትዬ በላይነሽ።

በሳምንቱ ካስትሮ ቫሊ የሚደርስ አንድ ፍሪጅና አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጫንን። ገመዱን እሳቸው አሰሩ፤ እኔ አልረዳኋቸውም፤ አልጠየቁኝም። 580 ላይ ወጣን። ሬዲዮ አልከፈቱም። እኔ የኋላውን እሰማለሁ፤ እሳቸውም እንደሚሰሙ አውቃለሁ። ዳገቱ ሲጀምር ወደ ቀኝ መስመር ገቡ፤ ፍጥነት አልቀነሱም። ግንቡ ላይ ጥቁር ጭረት ነበር፤ የሷ ይሁን የሌላ አላውቅም። ሁለታችንም አየነው። ባሌስትራው ጭነቱን እንደያዘ ዳገቱን ጨረስን፤ ከኋላ የተሰማ ድምፅ የለም።

ዕቃውን አውርደን ተመለስን። ሳን ፓብሎ በሬ ላይ አቁመው ሞተሩን ሳያጠፉ መሪውን ይዘው ተቀመጡ። ወረድኩ። በሩን ልዘጋ ስል፣

«ተሾመ» አሉኝ።

«አቤት።»

«የፊት ፍሬኗ ትንሽ የሚያፏጭ መሰለኝ።»

ፍሬኗን ያን ጊዜ ታንኩን ስመልስ እኔው በእጄ ቀይሬዋለሁ። እስከ ካስትሮ ቫሊ ሄደን እስክንመለስ ጆሮዬ እሷ ላይ ነበር፤ አላፏጨችም። የኔ ፍሬን አያፏጭም።

«ነገ ጠዋት ያምጧት» አልኳቸው።